የመርከቡ ዋይፋይ ቁልፍ ማን እጅ ነው?

ሐምሌ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት «ዋካሺዮ» የተባለች 300 ሜትር ያህል የምትረዝም የጭነት መርከብ ሞሪሸስ ደሴት ዳርቻ ካለው የኮራል ድንጋይ ላይ ወጥታ ቀረች። በሲንጋፖር በኩል አልፋ ባዶዋን ወደ ብራዚል እየሄደች ነበር። የባሕር ወንበዴ አላባረራትም፤ ሞተሯም አልከዳትም። ተከራይቶ ያሠራት የነበረው የጃፓኑ ሚትሱይ ኦ ኤስ ኬ ላይንስ ከአምስት ወር በኋላ ባወጣው ዘገባ የሆነውን ተናገረ። በመጀመሪያው ዕቅድ መርከቧ ከደሴቲቱ 22 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል፤ አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ርቃ ማለፍ ነበረባት። ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት ዕቅዱ ተለወጠና ርቀቱ ወደ 5 ማይል ወረደ። በዕለቱ ደግሞ ወደ 2 ማይል እንድትጠጋ ተወሰነ። ይህ ሁሉ መጠጋጋት የሞባይል ኔትወርክ የሚደርስበት ቦታ ለመግባት ነበር። ለዚያ ቅርበት የሚበቃ ዝርዝር ካርታ እንኳ አልያዙም።

1,000 ቶን ገደማ ነዳጅ ፈሰሰ። የሞሪሸስ ሰው በሸንኮራ አገዳ ገለባና በጨርቅ የነዳጅ መከላከያ እየሰፋ ወደ ባሕሩ ወረደ። መርከቧ ለሁለት ተሰበረች፤ ካፒቴኑና ምክትሉም የሞሪሸስ ፍርድ ቤት ፊት ቀርበው ተፈረደባቸው።

አገራችን ውስጥ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ ሰው ብርቅ አይደለም። ኮረብታ የሚወጣው ሰው ግን 300 ሜትር ብረት አስከትሎ አይወጣም። ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የሚከነክነኝ ከጥፋቱ በፊት ያለው ነው። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ላይ ያሉ ሃያ ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር ለማውራት የአንዲት ደሴት የሞባይል ማማ ያን ያህል ለምን አጓጓቸው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን መልሱ «ሰማዩ አይፈቅድም» ነበር። ዛሬ ሰማዩ በአብዛኛው ፈቅዷል። አሁን የሚከለክለው ቢሮ ነው። በባሕር ላይ የኢንተርኔት እጥረት ሲነሣ ይህ ልዩነት ስለሚድበሰበስ ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ሰማዩ ጠባብ በነበረበት ጊዜ

መርከብን ከየብስ ጋር ሲያገናኝ የኖረው ዋናው ድርጅት ኢንማርሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው በዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት አማካይነት ሲሆን፣ ዓላማውም የመርከበኛውን ናፍቆት ማስታገስ ሳይሆን መርከብ አደጋ ላይ ስትወድቅ ጥሪ ማሰማት እንድትችል ነበር። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ። እዚያ ከፍታ ላይ ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ሲታይ አንድ ቦታ የተሰቀለ ይመስላል፤ ጥቂት ሳተላይት ከዋልታዎች በቀር ዓለሙን ሁሉ ያዳርሳል። ጉዳቱም ከዚያው ርቀት ነው። «ሀሎ» ያልከው ቃል ሳተላይቱ ጋ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ መልሱ ሲመጣም ሌላ ሩብ ሰከንድ። ሁለት ሰዎች ሳይፈልጉ አንዱ የሌላውን አፍ የሚነጥቁት በዚህ ነው።

ከመዘግየቱ የባሰው የመስመሩ ጥበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው «ፍሊት ብሮድባንድ» የተሰኘው አገልግሎት በጊዜው ትልቅ እመርታ ነበር፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም 432 ኪሎ ቢት በሰከንድ ነው። ያንን ለሃያ ሰው እናካፍለው። ለአንድ ሰው 21 ኪሎ ቢት ገደማ ይደርሰዋል። አንድ ሜጋ ባይት የሚመዝን የልጅ ፎቶ ለማውረድ ስድስት ደቂቃ ማለት ነው፤ ያውም መርከቡ ራሱ ለአየር ትንበያ፣ ለወደብ ወረቀትና ለቢሮ ኢሜይል መስመሩን ካልነካው። ክፍያው ደግሞ በሜጋ ባይት ነበር። በዚያ ዘመን ካፒቴኑ በቀን አንዴ ኢሜይል ማውረዱ፣ መርከበኛውም የሳተላይት ስልክ ካርድ ገዝቶ ደቂቃ እየቆጠረ ማውራቱ ጭካኔ አልነበረም። የሒሳብ ጉዳይ ነበር።

ሒሳቡ የተገለበጠው በቅርቡ ነው። ስታርሊንክ በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ሳተላይቶች በትኖ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 የመርከብ አገልግሎት ጀመረ። ወጥቶ ለመውረድ 1,100 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ መዘግየቱ ለጆሮ አይታወቅም። ሲጀመር ለመሣሪያው 10,000 ዶላር፣ በየወሩ ደግሞ 5,000 ዶላር ነበር የሚጠየቀው፤ ከዚያ ወዲህ አነስተኛ ጥቅሎች መጡና የመነሻው ዋጋ ብዙ ወረደ። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ማርስክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ330 በላይ በሆኑ የራሱ መርከቦች ላይ እንደሚያስገባ አሳወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ውድ የተባለውን የመጀመሪያውን ዋጋ እንኳ ብንይዝ፣ 5,000 ዶላር ለሃያ ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 250 ዶላር ይመጣል። መካከለኛ መርከብ በቀን 30 ቶን ነዳጅ ቢያቃጥል፣ ቶኑንም በ600 ዶላር ብናስብ የአንድ ቀን ነዳጁ 18,000 ዶላር ነው። የወሩ ኢንተርኔት የስምንት ሰዓት ነዳጅ ያህል አይሆንም። «አቅም የለንም» የሚል ባለቤት ይህን ስሌት ይዘው ቢጠይቁት መልስ ያጥረዋል። ሁለት ሦስት ያረጁ መርከቦች ይዞ ከወር ወር የሚንገዳገደው ባለቤት ጉዳይ ሌላ ነው፤ ያም ቢሆን የሱ መርከበኞች ከሌላው ያነሰ ቤተሰብ የላቸውም።

ቴክኒኩ ሁሉን ፈታ ማለቴ አይደለም። ከባድ ዝናብ ሲግናሉን ያዳክማል፤ ክሬንና የጭስ ማውጫው አንቴናውን ይጋርዳሉ። የአገሮች ፈቃድም አለ። ስታርሊንክ ያልተፈቀደበት አገር የባሕር ክልል፣ ማለትም ከዳርቻው 12 ኖቲካል ማይል ውስጥ ሲገባ አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ ቻይና የታወቀችው ምሳሌ ናት። ስለዚህ መርከበኛው በመሀል ውቅያኖስ ቪዲዮ እያየ ቆይቶ ከተማ ሲታየው መስመሩ ጸጥ ሊልበት ይችላል። አባቶቻችን ወደብ ሲደርሱ ነበር ደብዳቤ የሚላላኩት።

«በተቻለ መጠን» የምትል ቃል

የመርከበኞችን መብት የሚገዛው ዋናው ሰነድ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ላይ ሠራተኞች ስምምነት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ያወጣው ሲሆን ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃዋለች። ስለ መርከበኛው ግንኙነት የሚናገረው ክፍል በኋላ ተሻሽሏል፤ የማሻሻያው ግፊት የመጣው ከኮቪድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ወደ 400,000 የሚጠጉ መርከበኞች ኮንትራታቸው አልቆ፣ ወደቦች ተዘግተው፣ መውረጃ አጥተው ነበር። ሰው ዓመት አልፎት መርከብ ላይ ሲታገት ስልክ መደወል ምቾት መሆኑ ይቀርና የሕልውና ጉዳይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ማሻሻያው ጸደቀ፤ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲጠነቀቅ እፈልጋለሁ። «ኢንተርኔት የመርከበኛ መብት ሆነ» የሚል ርእስ በየቦታው ወጥቶ ነበርና። የስምምነቱ ዝርዝር ደንብ ሁለት ክፍል አለው። «ሀ» የሚባለው ግዴታ ነው፤ «ለ» የሚባለው መመሪያ ነው፤ አገሮች ሊያጤኑት ይገባል እንጂ ቃል በቃል አይገደዱበትም። ግዴታው ክፍል ላይ የገባው «ማኅበራዊ ግንኙነት» የሚል ሐረግ ነው፤ ለመርከበኛው ከሚሟሉ የመዝናኛና የደኅንነት አገልግሎቶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። «ኢንተርኔት» የሚለው ቃል በግልጽ የመጣው መመሪያው ላይ ነው፦ የመርከብ ባለቤቶች ምክንያታዊ በሆነ መንገድ በተቻለ መጠን ኢንተርኔት ያቅርቡ፤ የሚያስከፍሉ ከሆነም ክፍያው ተመጣጣኝ ይሁን ይላል። የሠራተኞቹ ወገን ከዚህ የጠነከረ ነገር ጠይቆ ነበር። ያገኘው ግን «በተቻለ መጠን» የምትለውን ነው፤ በአማርኛም በሌላ ቋንቋም ይህች ሐረግ በር ናት፤ መግቢያም መውጫም ትሆናለች።

ስንት ሜጋ ባይት እንደሚሰጥ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ከመኮንኑና ከተራው ሠራተኛ ማን ስንት እንደሚያገኝ አልተጻፈም። ይህንን የሚሞላው መርከቡ ባንዲራውን የሚያውለበልብለት አገር ሕግ ወይም የኩባንያው ፖሊሲ ወይም፣ ሁለቱም ዝም ካሉ፣ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የያዘው ሰው ነው። ከዓለም መርከብ ብዙው በላይቤሪያ፣ በፓናማና በማርሻል ደሴቶች የተመዘገበ ስለሆነ የኢትዮጵያዊው ካዴት (ሠልጣኝ መኮንን) የኢንተርኔት ዕጣም የሚወሰነው አገሩ ባጸደቀችው ሕግ ብቻ አይደለም።

ማሻሻያው የወደብ አገሮችንም ነክቷል፤ በወደባቸውና በመልሕቅ መጣያ ቦታቸው ላሉ መርከበኞች በተቻለ መጠን ኢንተርኔት እንዲያመቻቹ ይላል። መልሕቅ ጥሎ ተራ መጠበቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ይህ ከሚመስለው በላይ ትርጉም አለው። እስካሁን የተለመደው ግን በጀልባ የሚመጣ ነጋዴ ሲም ካርድ ከዋጋው በላይ የሚሸጥበት ገበያ ነው።

ኩባንያዎቹ ምን ይላሉ?

ለመገደብ የሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ሰበብ አይደሉም። በጣም የሚከብደው የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ስምምነቱ መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ 77 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተረኛ የሆነ መኮንን እስከ አምስት ተኩል ቲክቶክ ላይ ቢያመሽ ወረቀቱ ላይ «አርፏል» ይላል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ይናገራል። ጎን ለጎን ከሌላ መርከብ ጋር የሚተላለፍ ሰው ዓይን ነው ይሄ። ስለዚህ በተረኝነት ሰዓት በመሪው ክፍል ስልክ ይከልከል ሲባል አልቃወምም።

ሁለተኛው የሳይበር አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ መርከቦች የሳይበር ስጋትን በደኅንነት አሠራራቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት ይጠይቃል። ብዙ ኩባንያም ይህን መነሻ አድርጎ የመርከበኛውን ኢንተርኔት ያጠብቃል። የሚገርመው ግን በመርከብ ዓለም እስካሁን በጣም የታወቀው የሳይበር ጥፋት ከመርከበኛ ስልክ አልመጣም። በጁን 2017 ማርስክን ያሽመደመደውና ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ያከሰረው «ኖትፔትያ» የተባለ የኮምፒውተር ቫይረስ የገባው ዩክሬን ውስጥ በሚሠራበት የሒሳብ ሶፍትዌር በኩል፣ በየብስ ቢሮ ነው። የመፍትሔው አካሄድም የታወቀ ነው፦ የመርከቡ ሥራ መስመር ለብቻ፣ የመርከበኛው መስመር ለብቻ። ሁለቱን ሳይለዩ ኬብል ያዘረጉ ኩባንያዎች የራሳቸውን ስንፍና በመርከበኛው ዳታ ያካክሳሉ።

ሦስተኛው «ሰው ከሰው ጋር ማውራት ተወ» የሚለው ነው። ድሮ ከእራት በኋላ ካርታ ይጫወቱ፣ ፊልም አብረው ያዩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ እያንዳንዳቸው ካቢናቸው ገብተው በር ይዘጋሉ ይባላል። እውነት አለው። ብዙ የድሮ መርከበኞች ይህን ሲያወሩ ቁጭታቸው የማስመሰል አይደለም። ቢሆንም፣ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ፣ ከዩክሬንና ከኢትዮጵያ የመጡ ሃያ ሰዎችን «እናንተ ብቻ ተዋወቁ፤ ሚስት ልጃችሁን እርሱ» ብሎ ማፋቀር ይቻላል ብዬ አላስብም።

ክልከላው ሲጠብቅ የሚሆነውን ያሳየን ደግሞ ከሁሉ በላይ ሥርዓት አለው የሚባለው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 «ማንችስተር» በተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ከፍተኛ የበታች ሹማምንት ከአለቆቻቸው ተደብቀው የስታርሊንክ ሰሀን ተከሉ፤ ዋይፋዩንም ለራሳቸው ብቻ አደረጉት። በመጨረሻ ተደረሰበት፤ ዋናዋም ሹም በጦር ፍርድ ቤት ተቀጥታ ማዕረጓ ወረደ። የጦር መርከብ ሲግናል ጠላት ሊያነበው የሚችል ነገር ስለሆነ ቅጣቱ ተገቢ ነው። እኔ የማየው ሌላውን ጎን ነው። ተራውን መርከበኛ «ታገሥ» ማለት የሚጠበቅባቸው ሰዎች ራሳቸው መታገሥ አልቻሉም። ዋካሺዮም ላይ ወደ ዳርቻው እንዲጠጋ ያዘዘው ተራ መርከበኛ አልነበረም።

ስልክ ሲጠፋ ምስክር ይጠፋል

እስካሁን ያወራነው ስለ ጭነት መርከብ ነው። ከዚህ ወረድ ሲሉ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የ2006ቱ ስምምነት የዓሣ ማጥመጃ መርከቦችን አይመለከትም። እነሱ የራሳቸው ስምምነት አላቸው፤ ያጸደቁት አገሮች ግን ጥቂት ናቸው።

የታይዋን የሩቅ ባሕር ዓሣ አጥማጅ መርከቦች በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ናቸው፤ ሠራተኞቻቸውም በብዛት ኢንዶኔዥያውያንና ፊሊፒናውያን ናቸው። እነዚህ መርከቦች ዓሣውን ባሕር ላይ ለሌላ መርከብ እያስረከቡ፣ ነዳጅም ከዚያው እየተቀበሉ ለብዙ ወራት የብስ ሳይረግጡ ይቆያሉ። ኢንዶኔዥያውያኑ ሠራተኞች ከመብት ተሟጋቾች ጋር ሆነው በመርከቦቹ ላይ ዋይፋይ ግዴታ እንዲሆን ዘመቻ ጀምረዋል። ሲያስረዱ ስለ ፊልምና ስለ ጨዋታ አያወሩም። ደመወዝ በትክክል ለቤተሰብ መላኩን ማን ይነግረኛል? ታምሜ ካፒቴኑ «ምንም አልሆንክም» ቢለኝ ለማን እጮኻለሁ? ቢመቱኝ ማን ያውቃል? ይላሉ። ባለቤቶቹ ዋጋ ውድ ነው፣ ሥራ ያስፈታል ብለው ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ መርከቦች ላይ ሳተላይቱ አለ፤ የሚጠቀምበት ግን ካፒቴኑ ብቻ ነው።

ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ባሕር አይደለም። ቤይሩት ወይም ሪያድ ቤት ውስጥ ስልኳን የተነጠቀች እህታችን ናት። እሷም ደመወዟ መላኩን የምታውቀው፣ ብትታመም የምትጮኸው በዚያ ስልክ ነበር። አሠሪዋ ስልኩን የወሰደባት ቲክቶክ እንዳታይ አይደለም።

በጭነት መርከብም ላይ ይህ ጎን አለ። ባለቤቱ ከስሮ መርከቡን ከነሰዎቹ ወደብ ላይ ጥሎ ሲጠፋ መጀመሪያ ከሚቋረጡት ነገሮች አንዱ የሳተላይት ክፍያው ነው። ሠራተኞቹ ወደ ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን የሚደርሱት ባብዛኛው በአንድ ሰው ሲም ካርድ፣ በዋትሳፕ በሚላክ ፎቶ ነው፤ ባዶ ፍሪጅ፣ የዛገ ውኃ፣ ያልተከፈለ የደመወዝ ወረቀት። የኢንተርኔት ገደብ የቅሬታ ገደብም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መርዶ በፌስቡክ

ኢትዮጵያ ወደብ የላትም፤ መርከበኛ ግን አላት። ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠለጥኑ ወጣቶች በውጭ ኩባንያ መርከቦች ላይ ተቀጥረው ዓለምን ይዞራሉ፤ የራሳችን መርከቦችም አሉ። እነዚህ ልጆች ከፊሊፒኑ ወይም ከሕንዱ ባልደረባቸው የሚለዩባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም የኢንተርኔቱን ጥያቄ ያወሳስቡታል።

አንደኛው የመርዶ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ ቀድሞ ይዘጋጃል። ውጭ አገር ላለም ቢሆን ዘመድ ወዳጅ ፈልጎ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። የሕንድ ውቅያኖስ ላይ ላለ ልጅ ግን በር የሚያንኳኳ የለም። ስለዚህ ቤተሰብ ይደብቃል። «አባዬ እንዴት ነው?» ሲል «ተኝቷል፣ ደክሞት ነው» ይባላል፤ ለወራት። ዋይፋዩ የተከፈተ ቀን ደግሞ ከሽማግሌው ቀድሞ ፌስቡክ ይደርሳል፦ ፎቶ፣ ሻማ፣ ከሥሩ አንድ መቶ «ነፍስ ይማር»። ልጁ ያንን ያነበበው ከሞተር ክፍል ተረኝነቱ አሥር ደቂቃ በፊት ሊሆን ይችላል።

ኢንተርኔት ይገደብ የሚሉ ሰዎች ይህን የመሰለውን እንደ ማስረጃ ያነሣሉ። በመርከብ ላይ የደረሰ መጥፎ ወሬ የሰውን ልብ ይሰርቃል፤ ልቡ የተሰረቀ ሰው ማሽን ላይ ሲቆም ያስፈራል። ግን ልብ እንበል፤ ቤተሰብ እንደደበቀው የሚጠረጥር ሰውም ልቡ ተሰርቋል። ከስምንት ወር በኋላ ቦሌ ሲደርስ ጥቁር የለበሱ ሰዎች የተቀበሉት ልጅ፣ በሚቀጥለው ጉዞው እያንዳንዱን «ተኝቷል» እንደ መርዶ ነው የሚሰማው። እኔ የሚሻለኝ የሚመስለኝ ከመሄድ በፊት ቁርጡን መነጋገር ነው። ክፉ ነገር ቢመጣ ማን ይነግረኛል? ለእኔ ወይስ መጀመሪያ ለካፒቴኑ ይነገር? ካፒቴኑ ቀድሞ ካወቀ ከተረኝነት ሊያነሣው፣ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ሊፈልግለት ይችላል፤ ከሽማግሌ የማይተናነስ ሥራ ነው። ለፌስቡክ ለቀስተኞች ደግሞ ቤተሰቡ «ልጁ ሳይሰማ እንዳትለጥፉ» ማለት ይችላል። አንዳንዱ ይሰማል።

ሁለተኛው ነገር መቋረጡ ከየት እንደሚመጣ ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም በአብዛኛው ተዘግቶ ቆየ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ የመርከበኞቹ ማሠልጠኛ ያለባት ባሕር ዳርም እዚያው ክልል ውስጥ ናት። እንግዲህ አስቡት። አትላንቲክ መሀል ያለው ልጅ ሳተላይት ከራሱ ላይ እያለፈ ሙሉ ሲግናል አለው፤ እናቱ ቤት ግን የለም። ጓደኞቹ «ዋይፋዩ ዘገየ» ብለው ሲያማርሩ እሱ በመደበኛ ስልክ ወይም አዲስ አበባ ባለ አጎት በኩል «ደህና ናቸው» የሚል ወሬ ይለቅማል። ለሱ የተገደበ ኢንተርኔት ማለት የመርከቡ ኩባንያ ብቻ አይደለም።

ባለው ዳታ መኖር

ፖሊሲው እስኪለወጥ መርከበኛው ባለው መኖር አለበት። በሳምንት 500 ሜጋ ባይት ተሰጠህ እንበል። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከአንድ ሜጋ ባይት በታች ስለሚበላ ሰዓታት ያስወራል። ቪዲዮ በደቂቃ አምስትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ መቶ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ስልክህ ራሱን ላድስ ካለ ደግሞ አንድ ማሻሻያ ብቻ ከአንድ ጊጋ ባይት ሊበልጥ ይችላል፤ የሁለት ሳምንት ራሽን በአንድ ሌሊት፣ አንተ ተኝተህ። ስለዚህ መርከብ ላይ እግር ሲረግጥ መጀመሪያ የሚደረገው አውቶማቲክ ማሻሻያና የፎቶ መጠባበቂያ ማጥፋት፣ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መከልከል ነው። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ በየጠዋቱ «መልካም ቀን» የሚል የአበባ ምስል የሚልኩ አክስቶች አሉን፤ ፍቅራቸው በሜጋ ባይት ይመዘናል።

ኢሞ በአገራችንና በዓረብ አገራት ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ የተወደደው በደካማ መስመር ላይ ስለሚሠራ ነው፤ ያ ልምድ ባሕር ላይም ይጠቅማል። ከቀጥታ ጥሪ ይልቅ ግን የድምፅ መልእክት ይሻላል። የሰዓት ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ፣ አንተ ስትነቃ እነሱ ስለሚተኙ፣ «ስደውልልህ አታነሣም» የሚል ጠብ ያስቀራል። የመብራት መቋረጥ ያለበት ቤት ላለ ሰውም እንደዚያው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የባንክ ጉዳይ ነው። የባንክ መተግበሪያውም፣ ኢሜይሉም በአዲስ ቦታ ሲከፈት ማረጋገጫ ቁጥር በኤስ ኤም ኤስ ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ይልካል። ያ ሲም ባሕር መሀል የሞተ ነው። ዋይፋይ እያለህ ከራስህ ገንዘብ ተቆልፈህ ትቀራለህ። ከመሄድ በፊት የሚቻለውን ሁሉ ኮድ በስልኩ ላይ ወደሚያመነጭ መተግበሪያ ማዛወር፣ ለማይዛወረው ደግሞ ባንኩ ሄዶ ለታመነ ሰው ውክልና መስጠት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ግን የኮንትራቱ ቀን አለ። ወጣቱ ካዴት ደመወዙን፣ የወራቱን ብዛትና የቲኬቱን ነገር ይጠይቃል፤ ኢንተርኔቱን መጠየቅ እንደ ቅብጠት እንዳይቆጠርበት ይፈራል። በ2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለው ማሻሻያ በኋላ ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። በወር ስንት ጊጋ ባይት ነው? ነፃ ነው ወይስ ከደመወዝ ይቆረጣል? መኮንንና ተራ ሠራተኛ እኩል ነው? ዳታው ቢያልቅስ፣ ጽሑፍ መላላክ ይቀጥላል ወይስ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ጭልም ነው? ቀጣሪው ወኪል እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት ይችላል፤ የማሪታይም ባለሥልጣኑም የኢትዮጵያ መርከበኞች በሚፈርሙት ቅጽ ላይ አንድ መስመር ማስገባት አይከብደውም። ያ መስመር ካልተጻፈ ለአራቱም ጥያቄ መልሱ መርከቡ ላይ ሲደርሱ ይታወቃል፤ እሱም በየካፒቴኑ ይለያያል።